በወፍጮ ቤት የምትሰማ ልጄና በእጄ የወጋኋት መርፌ

ወገዳ ገበያ መጥቶ «የኢንጅነሩ ቤት የት ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ሁለት ጊዜ መጠየቅ አያስፈልገውም። ማዕረጉን የሰጠኝ ዩኒቨርሲቲ አይደለም፤ ሕዝብ ነው። እኔ የትምህርት ቤት ደጅ የረገጥኩት የጣሪያውን ቆርቆሮ ልመታ ብቻ ነው። ፊደል የቆጠርኩት ቤተ ልሔም ከነበሩ የኔታ ዘንድ ነበር፤ ዳዊት ሳልጨርስ አባቴ ሞተና ወደ እርሻ ተመለስኩ። ከዚያ ወዲህ ያለውን ሁሉ፣ ስሌቱንም፣ የእንግሊዝኛውን ፊደልም፣ የናፍጣ ሞተሩን አንጀትም ራሴ ለራሴ አስተማርኩ። በስማዳ፣ በእስቴና በጋይንት ቆሞ የነበረ ወፍጮ እኔ ነክቼው ሳይነሣ የቀረ አላስታውስም። የካቻቢቴውን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ከጆሮዬ ኋላ ያለው አጥንት ላይ አድርጌ የትኛው ኩሽኔታ እንደተበላ እናገራለሁ። ከከተማ በብዙ ልመና የመጣ መካኒክ ይህን አይቶ የመሣሪያ ሣጥኑን ሳይከፍት ተመልሷል።

መርፌም እወጋ ነበር። በወታደርነቴ ዘመን ከአንድ ድሬሰር አጠገብ ቆሜ የእጁን ሥራ አይቻለሁ፤ አንዴ ያየሁትን አልረሳም። ጤና ጣቢያ ሩቅ በነበረበት ጊዜ ያመረቀዘ እግር፣ ያበጠ መንጋጋ አድኛለሁ። የዳኑት ሰዎች ዛሬም ገበያ ላይ ጉልበቴን ሊስሙ ይጎነበሳሉ። እኮራበት ነበር። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ አንባቢ ሌላውን ሥራዬን ሳያውቅ ጥፋቴን ብቻ እንዳያውቅ ብዬ ነው።

ልጄ የሻረግ መምህርት ናት። ያን ጊዜ፣ በዘጠናዎቹ ውስጥ፣ ወገዳ ሁለተኛ ክፍል ታስተምር ነበር። ባሏ አዳነ በእስቴ የግብርና ሠራተኛ ስለሆነ የሚመጣው በሳምንት መጨረሻ ነው፤ እሷ ከእኛው ግቢ ባለች አንዲት ክፍል ትኖራለች። የመጀመሪያ ልጇን ወልዳ ከአራስ ቤት ስትወጣ ሃያ አራት ዓመቷ ነበር። የመጀመሪያው ምልክት የታየው ያኔ ነው።

ሕፃኑ ያለቅሳል። እሷ ጀርባዋን ሰጥታው ጨርቅ ታጥፋለች። አትዞርም። እናቷ ዘውዲቱ ከጓሮ ሮጣ ገባች።

«አንቺ ልጅ! ሕፃኑ ትን ብሎት ሊሞት ነው እኮ!»

የሻረግ ቀና አለችና «መቼ አለቀሰ?» አለች።

የአራስ ድካም ነው ብለን ተውነው። ሳይቆይ ግን በስተቀኟ የቆመ ሰው ሲያናግራት አንገቷን አዙራ ግራ ጆሮዋን መስጠት ጀመረች። ከዚያ ግራውም ደከመ። ቁስል የለም፣ መግል የለም፣ ሕመም የለም። «ሰው ሁሉ ብርድ ልብስ ተከናንቦ የሚያወራ ይመስለኛል» ትል ነበር። ይበልጥ ግራ ያጋባኝ የራሷ ድምፅ ነው። ጆሮው የከበደ ሰው ሲጮኽ ነበር የማውቀው። የእሷ ድምፅ ግን በተቃራኒው ቀነሰ። ከኋላ ወንበር የሚቀመጡ ተማሪዎቿ «መምህርት፣ አልተሰማንም» ማለት አበዙ።

እኔ ግን አላመንኳትም። ምክንያት ነበረኝ።

ቅዳሜ የገበያ ቀን ስለሆነ ወፍጮ ቤቱ ይጨናነቃል፤ የሻረግ ሚዛኑ ላይ ትቆምልኛለች። ሞተሩ እየጮኸ፣ ቺንጋው እየተወናጨፈ፣ ዱቄቱ እየቦነነ፣ ያቺ በቤት ውስጥ ሦስት ጊዜ የምትጠራ ልጅ እዚያ የተባለውን ሁሉ ትሰማለች። እንዲያውም ከእኔ ቀድማ። ደንበኛዬ እትዬ ጥሩወርቅ አንድ ቀን በሰው መሐል ሣቀችብኝ።

«ኢንጅነር፣ ይቺን ነው ደነቆረች የምትለው? ኢንጅነሩ ጤፌን ከሰው ዳጉሳ ጋር ደባለቀብኝ ብዬ ለጎረቤቴ ሳማህ፣ ከዚያ ማዶ ሆና ገላመጠችኝ እኮ! ይልቅ ያንተን ጆሮ አስመርምር፤ እኔ ስሰድብህ ሰምተህ አታውቅም።»

ወፍጮ ቤቱ በሣቅ ተናጋ። እኔም ሣቅሁ። በሆዴ ግን ፍርዴን ሰጠሁ። ጭነት ሲበዛበት የሚሠራ፣ ጭነት ሲቀንስ የሚቆም ሞተር አይቼ አላውቅም። ስለዚህ ብልሽቱ የጆሮ ሳይሆን የፈቃድ ነው አልኩ። ማታ በእራት ላይ ፊት ለፊት ጠየቅኋት።

«በወፍጮ ቤት ይከፈታል፣ በቤት ይዘጋል። ማንን ነው የምትንቂው?»

«አባባ፣ እዚያ እውነትም እሰማለሁ» አለች። «ለምን እንደሆነ እኔም አላውቀውም።»

ይህን መልስ እንደ ድፍረት ቆጠርኩት። በእነዚያ ወራት ሳላናግራት የዋልኩባቸው ቀኖች ብዙ ናቸው። አንድ ነገር ብናገራት እንኳ ሆን ብዬ ድምፄን ዝቅ አደርግ ነበር፤ ልፈትናት። ከከንፈሬ ልታነብ ስትሞክር ፊቴን አዞርባት ነበር።

ያመንኩት ርዕሰ መምህሩ ቤቴ ድረስ ሲመጣ ነው። ሰውየው ወንበር እንኳ ሳይዝ፣ «ኢንጅነር፣ ሰሌዳ ላይ ስትጽፍ ልጆቹ ከኋላዋ ይሰድቧታል። ትናንት አንዱ ሌላውን ደብድቦ ሲያደማው አልሰማችም። እስከ መንፈቅ ዓመቱ መጨረሻ ካልተሻላት ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት አዛውራታለሁ» አለ። እሷ በሩ ላይ ቆማ አፉን ታያለች። ያለውን ሁሉ አልሰማችም፤ የሚበቃትን ያህል ግን አንብባለች። ክፍሏ ለዚህች ልጅ ከሁሉ በላይ ነበር። በዚያ ሳምንት ምግብ አልቀመሰችም ማለት ይቻላል።

እኔ ደግሞ ችግር ሲመጣ እጄን አጣጥፌ የምቀመጥ ሰው አይደለሁም። ወደ ውጭ መግል ካልመጣ ወደ ውስጥ አመርቅዟል ብዬ አሰብኩ። ከገበያ ጄንታማይሲን ገዛሁ። የጎረቤቴን እግር ያዳንኩበት መድኃኒት ነው። ሲሪንጁን ቀቀልኩ።

ጠዋትና ማታ ወጋኋት። ዐሥር ቀን።

በሰባተኛው ቀን «ጆሮዬ ውስጥ አንድ ነገር ይጮኽብኛል» አለች።

«መድኃኒቱ ከበሽታው ጋር እየታገለ ነው» አልኳት።

በዘጠነኛው ቀን ከአልጋ ስትነሣ ግድግዳ ያዘች።

በዐሥረኛው ቀን ልጇን ታቅፋ ግቢው መሐል ወደቀች። ልጁን አልለቀቀችውም። ፊቷ ግን ድንጋይ ላይ አረፈ።

የዚያን ቀን ማታም ወጋኋት። ዐሥር ቀን ብዬ ነበርና ቁጥሩን አላጎደልኩም።

ከዚያ በኋላ ሲጨልም መሄድ አትችልም፤ ምድሩ ይዞርባታል። ጩኸቱ አላቆመም። በወፍጮ ቤት እንኳ ቃላት ይሰነጣጠቁባት ጀመር፤ ሰው እንደሚናገር ታውቃለች፣ ምን እንዳለ ግን አይለይላትም። ጎረቤት መንፈስ ነው አለ። ዘውዲቱ ጸበል ወሰደቻት። እኔ አብሬ አልሄድኩም፤ ያፈርኩ አልመሰለኝም፣ ሥራ የበዛብኝ ነው የመሰለኝ። በጸበሉ ያሉት አረጋዊ አባት ለአንድ ሱባዔ ካጠመቋት በኋላ ዘውዲቱን ጠርተው፣ «ልጄ፣ ይቺ ሴት አትጮኽ፣ አትለፈልፍ። ጆሮዋን ነው ያመማት። ጸበሉን ትጠጣ፤ ሐኪም ዘንድም ውሰዷት። ሐኪሙንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነው» አሏት። ዘውዲቱ ተመልሳ መጥታ በሩ ላይ ቆመች።

«አንቱ ሰውዬ፣ አባ እንኳ የማያውቁትን አላውቅም አሉ። እርስዎ መቼ ነው የሚሉት?»

በማግሥቱ ተነሣን።

ከወገዳ እስከ ንፋስ መውጫ በአይሱዙ ጭነት ላይ ሄድን፤ መንገዱ ለጤነኛም አይሆንም፣ እሷ ሙሉውን መንገድ አስታወከች። በንፋስ መውጫ ያየን ወጣት ጤና መኮንን ጆሮዋን በመብራት ተመልክቶ፣ «ታምቡሩ ደኅና ነው። ችግሩ ከታምቡሩ ወዲያ ነው፤ እዚህ የምንለካበት የለንም» ብሎ ወደ ጎንደር የሚወስድ ወረቀት ጻፈልን። ይህን ሰው አመሰግነዋለሁ። ሳያውቅ መድኃኒት አልሰጠንም።

በጎንደር የመረመረችን የጆሮ ሐኪም ከየሻረግ ብዙም የማትበልጥ ሴት ነበረች። እንደ ሹካ ያለ ብረት በራሷ ጉልበት ላይ መትታ አስጮኸችና መጀመሪያ በየሻረግ ጆሮ ፊት ያዘችው፤ ቀጥሎ እግሩን ከጆሮዋ ኋላ ያለው አጥንት ላይ አቆመችው። «የቱ ይበልጣል?» ብላ በእጇ ጠየቀች። የሻረግ አጥንቱን አመለከተች። እኔ ከወንበሬ ተነሣሁ። ይህ የእኔው የካቻቢቴ ሥራ ነው። ድምፁ በአጥንት ያልፋል፤ በአየር መምጣት ነው ያቃተው።

ቀጥላ ድምፅ በማያስገባ ጠባብ ክፍል አስገብታ ማዳመጫ አደረገችላት፤ ድምፅ በሰማች ቁጥር ቁልፍ እንድትጫን ነገረቻት። ይህ ኦዲዮሜትሪ ይባላል። በመስታወቱ በኩል የልጄን እጅ እያየሁ ቆምኩ። እጇ ለረጅም ጊዜ አልተንቀሳቀሰም።

ሐኪሟ ሥዕሉን፣ ኦዲዮግራም የሚሉትን፣ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች።

«በጫጫታ ውስጥ ይሻላት ነበር?» አለችኝ።

«በወፍጮ ቤት» አልኩ።

«ኦቶስክሌሮሲስ ነው። በጆሮ ውስጥ ካሉት ትናንሽ አጥንቶች የመጨረሻዋ ትደርቅና መንቀሳቀስ ታቆማለች። በወጣትነት ይጀምራል፤ በእርግዝና ጊዜ ሊብስ ይችላል። በጫጫታ መሐል ሰው ሁሉ ጮኾ ያወራል፤ ጫጫታው ግን ለእሷ ደክሞ ነው የሚደርሳት። ለዚህ ነው የምትሰማው። የራሷ ድምፅ በአጥንቷ በኩል ጎልቶ ስለሚሰማት ደግሞ ቀስ ብላ ትናገራለች። ልጅዎ አላስመሰለችም።»

ከዚያ ጣቷን በሥዕሉ ቀኝ ጫፍ ላይ አደረገች፤ መስመሩ እንደ ገደል ወርዷል።

«ይህኛው ግን ኦቶስክሌሮሲስ አይደለም። መርፌ ተወግታለች?»

«አዎ።»

«ምን?»

«ጄንታማይሲን። ዐሥር ቀን።»

«ማን ወጋት?»

«እኔ።»

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። አልጮኸችብኝም። ብትጮኽ ይሻለኝ ነበር።

«የመጀመሪያውን በሽታ እርስዎ አላመጡትም» አለች። «ሁለተኛውን ግን መርፌው አምጥቶታል። ቀጫጭን ድምፅ የሚለዩት የውስጥ ጆሮ ሕዋሳት ሞተዋል። ተመልሰው አይበቅሉም። ሚዛኗንም ነክቶታል፤ እሱ በእንቅስቃሴ ቀስ በቀስ ይሻላታል። የደረቀችውን አጥንት በቀዶ ሕክምና መተካት ይቻላል፤ አሁን ግን የቀራትን ለአደጋ አላጋልጥም። የመስሚያ መሣሪያ እናድርግላት። ይህን ደግሞ ይስሙኝ፦ ጄንታማይሲንና ስትሬፕቶማይሲን የመሳሰሉትን ማንም በድጋሚ እንዳይወጋት። ራሷ ማወቅ አለባት። ወረቀት እጽፍላታለሁ፤ ለሚያክማት ሁሉ ታሳይ።»

ይህን ሁሉ ያወራችው ወደ እኔ ዞራ ስለነበር የሻረግ ከከንፈሯ አላነበበችም፤ ወረቀቱንም ለእኔ ሰጠችኝ። ከወጣን በኋላ መናኸሪያ ላይ የሻረግ ክንዴን ያዘች።

«ምን አለችዎ?»

ፊቴን ወደ እሷ አዙሬ ከንፈሬን እያሳየሁ፣ «በሽታው ከተፈጥሮ ነው አለች። መሣሪያ ይሰጡሻል» አልኳት። እውነት ነው። ግማሽ እውነት ነው። ሌላውን ግማሽ በመናኸሪያ መሐል መጮኽ ነበረብኝ፤ መጮኽ አፈርኩ። ቤት ስደርስ እነግራታለሁ አልኩ። ቤት ስደርስ ወረቀቱን መሣሪያ ሣጥኔ ውስጥ ከካቻቢቴዎቹ ሥር ከተትኩት።

የመስሚያ መሣሪያው ከጆሮ ኋላ የሚንጠለጠል የባቄላ ፍሬ የምታህል ነገር ናት፤ ከእሷ የሚወጣ ቀጭን ቱቦ በጆሮዋ ልክ በተቀረጸ ፕላስቲክ ያልቃል። በመጀመሪያው ሳምንት የሻረግ ጠላቻት፤ የሳህን ድምፅ እንደ ጥይት፣ የራሷ እርምጃ ከኋላዋ እንደሚመጣ ሰው ኮቴ ሆኖባት ነበር። ሐኪሟ እንደመከረችን በቀን አንድ ሰዓት ብቻ እያደረገች ጀምራ በየቀኑ እየጨመረች ለመደቻት፤ ፕላስቲኩ በደንብ ካልገባ እንደሚያፏጭ፣ ቱቦው ላብ ሲይዝ እንደሚደፈን፣ ባትሪዋ ላይ የተለጠፈው ልጣጭ ከተነሣ በኋላ ባትጠቀምበትም ባትሪው እንደሚያልቅ እኔና እሷ አብረን ተማርን። ለሚዛኗ ደግሞ ጠዋት ጠዋት በግቢው ውስጥ ቀጥ ባለ መስመር፣ መጀመሪያ ዐይኗን ገልጣ፣ በኋላ አንገቷን ግራና ቀኝ እያዞረች እንድትሄድ ታዝዛ ስለነበር አዳነ በመጣ ቁጥር ልጁን አዝሎ ከጎኗ ይሄድ ነበር። ክፍሏንም አላጣችም፤ ርዕሰ መምህሩን ሄጄ አነጋግሬ ወንበሮቹን ከረድፍ አውጥተን በግማሽ ክብ ደረደርናቸው፣ ተማሪ ከመናገሩ በፊት እጁን አውጥቶ እንዲነሣ ተደረገ፣ እሷም ወደ ሰሌዳው ዞራ መናገር አቆመች። «ስ» እና «ሽ» ዛሬም አይለዩላትም፤ ከከንፈር ታነባቸዋለች። የወፍ ድምፅም ከዚያ ወዲህ ሰምታ አታውቅም።

እኔም ሰው ሲያመሰግነኝ ዝም ብዬ ምስጋናውን እቀበል ነበር። «ኢንጅነሩ ልጁን እስከ ጎንደር ወስዶ አዳናት» ይባላል። ወረቀቱ ከካቻቢቴ ሥር ነው።

ሁለተኛ ልጇን የወለደችው ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። በአራተኛው ቀን ትኩሳት ያዛት። ብርድ ብርድ አላት፤ ሆዷ ሲነካ ትጮኻለች። ወገዳ ጤና ጣቢያ ወሰድናት። ወጣቱ ነርስ ሁለት ሲሪንጅ ይዞ ገባ።

«ውጭ ይቆዩ አባባ፣ ልወጋት ነው።»

«ምንድን ነው?»

«አምፒሲሊንና ጄንታ። የማሕፀን ኢንፌክሽን ነው።»

እጁን ያዝኩት።

«ኢንጅነር፣ ይልቀቁኝ እንጂ! ይህ እኮ ወፍጮ ቤትዎ አይደለም!»

«ጄንታው አይወጋም።»

«ለምን?»

ኃላፊው ጤና መኮንን ጩኸቱን ሰምቶ መጣ። ዘውዲቱ በሩ ላይ ነበረች። የሻረግ መሣሪያዋን አድርጋለች፤ ዐይኗ አፌ ላይ ነው። ጥፋቴን ሳልናገር መድኃኒቱን የማስለውጥበት ሌላ ምክንያት ፈለግኩ። የሚያምኑኝ አልመሰለኝም። ጊዜም አልነበረም።

«ጆሮዋን የገደለው እሱ ነው» አልኩ። «እኔ ነኝ የወጋኋት። የጎንደሯ ሐኪም በድጋሚ እንዳይሰጣት ብላ ጽፋለች።»

«ወረቀቱ የት አለ?» አለ ጤና መኮንኑ።

«እኔ ጋ ነው። ደብቄው።»

መድኃኒቱን በሌላ ቀየሩት። ጤና መኮንኑ አላመሰገነኝም፤ «ዛሬ እርስዎ ባይኖሩስ?» ብቻ አለኝ።

የሻረግ ከትኩሳቷ ጋር ቀና ብላ «ከመቼ ጀምሮ ያውቃሉ?» አለችኝ።

«ከጎንደር።»

መሣሪያዋን ከጆሮዋ አውጥታ በመዳፏ ጨበጠችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ትኩሳቱ በሳምንቱ ለቀቃት። የመስሚያ መሣሪያዋን ግን እኔ ስገባ ከጆሮዋ ማውጣቷን ቶሎ አልተወችም። እናቷ ስትገባ ታደርጋለች፤ እኔ ስገባ ታወጣለች። ዝናቡ ገብቶ እስኪወጣ ድረስ እንዲህ ኖርን። ይቅርታ ጠየቅኋት፤ አልሰማችም። በወረቀት ጻፍኩላት፤ አንብባ ስሕተት የሆነውን ፊደል በቀይ እስክሪብቶ አርማ መለሰችልኝ። ከዚያ ውጭ ቃል አልነበረበትም።

ይህን ለሚያነብ ወጣትና ለወላጁ የምመክረው ጥቂት ነው። ወጣት ሰው አልሰማሁም ሲል እመኑት፤ አንድ ቦታ ሰምቶ ሌላ ቦታ ባይሰማ ራሱ ምልክት ሊሆን ይችላልና ይህንኑ ለሐኪሙ ንገሩ። ጆሮ ውስጥ ምንም አታፍስሱ። ሳይለካ መድኃኒት አትጀምሩ። ከመርፌ በኋላ ጆሮ ከጮኸ ወይም ምድር ከዞረ የዚያኑ ቀን አስቁሙ፤ አንድም አትጨምሩ። ወረቀታችሁን ራሳችሁ ያዙ፤ ለማንም፣ ለአባትም ቢሆን፣ አትተዉ። የጎንደሯን ሐኪም፣ የንፋስ መውጫውን ጤና መኮንን፣ የጸበሉን አባት እግዚአብሔር ያክብርልኝ። እጁን የያዝኩትን ነርስም ይቅርታ ጠይቄዋለሁ።

እኔም ከዚያ ወዲህ የቻልኩትን ልናገር፤ መናገር አልፈራም። መርፌ መውጋት ተውኩ፤ ሲሪንጁንም ማንም እንዳያነሣው ቀጥቅጬ ቀበርኩት። መርፌ ፈልገው የሚመጡትን ጤና ጣቢያ ድረስ በእግሬ እሸኛቸዋለሁ። የሐኪሟን ቃል በአማርኛ በትልቁ ጽፌ በፕላስቲክ አሽጌ ሦስት አድርጌዋለሁ፤ አንዱ በቦርሳዋ፣ አንዱ በባሏ ኪስ፣ አንዱ በጤና ጣቢያው ካርዷ ውስጥ ነው። የመስሚያ መሣሪያ ቱቦ ማጽዳትና መቀየር ራሴ ተምሬ ከጋይንትና ከእስቴ ለመጡ ሰዎች በነፃ ሠርቻለሁ፤ ከባሕር ዳር በስተምሥራቅ እንደ እኔ የሚያጸዳ ያለ አይመስለኝም። በወፍጮዬ የሚሠሩ ሁሉ የጆሮ መሸፈኛ ያደርጋሉ። ራሴንም አስለክቻለሁ፤ ወፍጮው ከእኔም ወስዷል። የሻረግ ዛሬም ታስተምራለች።

ይህን ጽሑፍም ለማንም ሳልሰጥ አስቀድሜ ለእሷ ፊት ለፊት ተቀምጬ አነበብኩላት። መሣሪያዋ ጆሮዋ ላይ ነበረች። ስለ ወፍጮዎቹ ሳነብ ፈገግ አለች። ዐሥሩ ቀን ጋ ስደርስ ሳላውቀው ድምፄ ወረደ። እጇን አነሣች።

«እዚህ ጋ ዝቅ አያድርጉት፣ አባባ» አለች። «እንደገና ያንብቡት።»

እንደገና አነበብኩት።